ስልሳ ሁለት ፈረስ

«ሌላው ሰው መኪና ይነዳል፤ እኔ የሚዛን ድንጋይ እነዳለሁ» ትል ነበር እናቴ። ቀልድ ይመስላል እንጂ እውነቷን ነው።

አባቴ ሚዛን መርማሪ ነው። በሥራ ቀን ከናስ የተሠሩ የሚዛን ድንጋዮች የተደረደሩበትን የእንጨት ሳጥን ይዞ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል። አንድ ኪሎ የሆነውን ድንጋይ የባለ ሱቁ ሚዛን ላይ ያስቀምጣል። ሚዛኑ አንድ ኪሎ ካለ ማኅተም ይመታለታል፤ ካላለ ያስተካክለዋል። ከሰው ጋር ብዙ አይከራከርም። «ሚዛን ይዋሻል፣ ሰውም ይዋሻል፤ ድንጋይ ግን አይዋሽም» ይላል። ንግግሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የመኪና ውድድር ክለባችን ለኪ ነው። ክለቡ ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። ሃያ ሦስት ሰዎች፣ ሃያ ሦስት አሮጌ መኪኖች፣ አውሮፕላን ካረፈበት ብዙ ዘመን ያለፈው አንድ ማኮብኮቢያ፣ ከጎኑ ደግሞ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አዳራሽ። ሕጉ ብዙ አይደለም። ዋናው፣ የማንም መኪና ከመቶ ሃያ የፈረስ ጉልበት ማለፍ የለበትም የሚለው ነው። የሚያሸንፈው ሞተር ሳይሆን ሰው እንዲሆን ነው።

ጉልበት የሚለካው በሮለሩ ነው። ክለቡ ከተዘጋ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው ያገኘው፤ ወለል ውስጥ የተቀበሩ ሁለት ወፍራም የብረት በርሜሎች፣ ከጎናቸው መርፌ ያለው ሰሌዳ። መኪናው ጎማዎቹን በርሜሎቹ ላይ አድርጎ በሰንሰለት ይታሰራል። ሾፌሩ ነዳጁን እስከ ወለሉ ይረግጣል። መኪናው የትም ሳይሄድ ይጮኻል፣ በርሜሎቹ ይሽከረከራሉ፣ መርፌዋ ትወጣለች። የቆመችበትን ቁጥር እኔ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ከመናገር መጻፍ ይቀለኛል፤ ሥራውን የሰጡኝም ለዚህ ነው።

ሮለሩ ግን አሮጌ ስለሆነ አንዳንዴ ይዋሻል። አባቴ ስለዚህ ሱቅ ውስጥ የሚያደርገውን አደረገ፤ ድንጋይ ፈለገለት። ድንጋዩ የእናቴ መኪና ሆነች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከሌላ ከተማ በተዋሰው አዲስ መለኪያ ሦስት ጊዜ ለካት፤ ሦስቱንም ጊዜ ስልሳ ሁለት አለች። ከዚያ ወዲህ ስሟ «ምስክሯ» ሆነ። በመለኪያ ቀን መጀመሪያ ሮለሩ ላይ የምትወጣው እሷ ናት። መርፌዋ ስልሳ ሁለት ላይ ከቆመች ሮለሩ እውነተኛ ነው። ካልቆመች አባቴ ኪሱ ውስጥ የሚይዛትን ትንሽ ቁልፍ ከሰሌዳው በታች ከትቶ በማዞር ያስተካክለዋል።

ድንጋይ ደግሞ እንዳይሸረፍ ይጠበቃል። ዘይቷ በየሁለት ወሩ ይቀየራል፣ ያውም ያው ዓይነት ዘይት። የጎማዋ አየር በየሳምንቱ ይታያል። ከዚያ በተረፈ ማንም አይነካትም። ሞተሯ ቢስል እንኳ ከብልሽት አይቆጠርም። ይህ የአባቴ ፍርድ ነው፤ እናቴን ማንም አልጠየቃትም።

የእናቴ ሥራ የሙሽራ ቀሚስ መስፋት ነው። ቀሚሶቹን የምታደርሰው ምስክሯ የኋላ ወንበር ላይ አጋድማ ነው። ቤታችን ያለው ዳገት ላይ ነው። ምስክሯ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ትጀምረውና ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርስ ሦስት ጊዜ ትስላለች፤ ቶሎ ሁለተኛ ካልገባላት ቀጥ ትላለች። ዳቦ ጋጋሪው ሳሏን ሲሰማ ሁለት ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ይወጣል። እናቴ ማርሽ ስትቀይር በመስኮት ያቀብላታል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

አንድ ሐሙስ ምስክሯ ስላ ስላ ጭራሽ ቆመች። እናቴ መኪናዋን ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ትታ፣ ጫፉ አቧራ እንዳይነካው ቀሚሱን በሁለት ክንዷ ከፍ አድርጋ፣ ዳገቱን በእግሯ ወጣች።

«ዛሬ ሙሽራ ታቅፌ ዳገት ወጣሁ» አለችው አባቴን። «ሙሽራው ቢያየኝ እሷን ትቶ እኔን ያገባ ነበር። ይህችን መኪና ለመካኒክ አሳይልኝ።»

«ነገ ትነሳለች» አለ አባቴ። «ከስልሳ ሁለት ንቅንቅ እንዳትልብኝ ነው።»

«የእኔስ ልብ? ስንት ፈረስ እንደቀረው ለክተህ ታውቃለህ?»

አባቴ ሳቀና ግንባሯን ሳማት። መኪናዋን ግን አላሳየም።

እዚህ ላይ አጎቴን ላስተዋውቃችሁ። የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው። የክለቡ ሰው «ሁለተኛው» ይለዋል። አሥራ አንድ ዓመት ተወዳድሮ ስድስት ጊዜ ሁለተኛ ወጥቷል፤ አንደኛ አንድም ቀን። አንዴ እየመራ ሳለ ጎማው ፈነዳ። አንዴ ደግሞ መጨረሻው መስመር ሃምሳ ሜትር ሲቀረው ውሻ ገባበትና ቆመለት። «ያን ቀን አንደኛ የወጣው ውሻው ነው» እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ሳሎኑ ውስጥ ካለው መደርደሪያ ላይ ግን አንድ ባዶ ቦታ አለ። ሚስቱ የአበባ ማስቀመጫ ስታኖርበት ቀስ ብሎ ያነሳዋል። ለምን እንደሚያነሳው ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ ሁላችንም እናውቃለንና።

እናቴ በማግስቱ የጠራችው እሱን ነው። አባቴ ሱቅ ለሱቅ በሚዞርበት ሰዓት መጣ። እኔ አልነበርኩም፤ የተባባሉትን የሰማሁት በኋላ ነው።

«እትዬ፣ ጋሼ ከሰማ ቆዳዬን ነው የሚገፈው።»

«እኔ አልነግረው፣ አንተ አትነግረው፤ በምን ይሰማል?»

አጎቴ ኮፈኑን ከፍቶ ካዳመጣት በኋላ ፊቱ በራ። «ይህማ ቀላል ነው። የምትስለው ዝግ ብላ ስትወጣ ነው። ሮለሩ ላይ ደግሞ እስከ መጨረሻው ተረግጣ ነው የምትለካው። ሳሉን ባጠፋው ጉልበቷ አይነካም። ጋሼ ስልሳ ሁለቱን እንደ ተወው ያገኘዋል።»

ካርቡራተሯን አውልቆ በቀጭን ሽቦ ጠረገው። አራቱን ካንዴላዎች በአዲስ ቀየረ። ከአንድ ሰዓት አላለፈበትም። «ጉሮሮዋን ነው የጠረግኩላት፣ ሌላ ምንም» አላት። ያለውን ከልቡ ያምነው ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ የመለኪያ ቀን ነበር፤ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። አባቴ ምስክሯን ሮለሩ ላይ አወጣ። ቁልቁልም ሽቅብም የምትነዳት እናቴ ናት፤ አባቴ መሪዋን የሚይዘው ለዚህ ብቻ ነው። መርፌዋ ወጣች፣ ወጣች፣ ስልሳ አምስት ላይ ቆመች።

ሞተሩን አጥፍቶ እንደገና ለካ። ስልሳ አምስት። የሮለሩን ቀበቶ አየና ለሦስተኛ ጊዜ ለካ። ስልሳ አምስት።

«ሮለሩ ዋሸ» አለ።

ከሁለት ዓመት በፊትም ቀበቶው ሲቀየር እንዲህ ሆኖ ነበርና አልተጠራጠረም። ቁልፏን አዞረ፤ ምስክሯ ስልሳ ሁለት እስክትል ድረስ። እኔም ጻፍኩ፤ «ሮለሩ ከ65 ወደ 62 ተስተካክሏል።»

ከዚያ መኪኖቹ ተራ በተራ ወጡ። የሁሉም ጉልበት ወርዶ ነበር። የፋርማሲስቱ መኪና ባለፈው ዓመት መቶ አሥራ ስምንት ያለችው አሁን መቶ አሥራ ሁለት ተኩል አለች። ፋርማሲስቱ አጎቴን የሚያሰጋው ብቸኛ ሰው ነው፤ ባለፈው ዓመት ዋንጫውን የወሰደው እሱ ነበር። አጎቴ ዘግይቶ ደረሰ። የእሱ ሁልጊዜ መቶ አሥራ ዘጠኝ ናት። መርፌዋ መቶ አሥራ ሦስት ተኩል ላይ ስትቆም ከመኪናው ወርዶ ሰሌዳውን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገው።

«ፈረሶቼ ታመዋል እንዴ?»

«ነዳጁ ነው» አለ አንዱ። «አዲስ የመጣው ነዳጅ ውሃ ነው የሚመስለው።» ሌላውም ነዳጁ ነው አለ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ዞሮ እውነት ሆነ።

እኔ መዝገቡን አየሁት። ሁሉም መኪኖች በአንድ ልክ ነው የወረዱት፤ ከመቶ አምስት ገደማ። ነዳጅ እንዲህ በእኩል አያከፋፍልም። ብዕሬ ቁጥሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ቀና ስል አባቴ ከሦስት ሰው ጋር ያወራል፤ ሰው መሀል ገብቼ መናገር ደግሞ አይሆንልኝም። ማታ እነግረዋለሁ አልኩ። ማታም አልነገርኩትም።

ማክሰኞ አጎቴ ቤታችን መጣ። የነዳጅ ማጣሪያ በጋዜጣ ጠቅልሎ እንደ ታመመ ልጅ ታቅፎታል።

«ጋሼ፣ ነዳጅ ቀየርኩ፣ ማጣሪያ ቀየርኩ፤ ፈረሶቼ አልዳኑም። ምን ላድርግ?»

አባቴ ሻዩን እያማሰለ አሰበ። «የካንዴላውን ብልጭታ ሰዓት ትንሽ አስቀድመው። ካርቡራተሩንም እየው፤ በቂ ነዳጅ ላታገኝ ትችላለች።»

አጎቴ ያለውን አደረገ። የውድድሩ ቀን ጠዋት ሲለካ መርፌዋ መቶ አሥራ ዘጠኝ ነጥብ አንድ ላይ ቆመች። «ዳኑ!» ብሎ ሲጮህ የአዳራሹ ቆርቆሮ አስተጋባ።

ውድድሩ ሃያ ዙር ነበር። አሥራ ዘጠኙን ዙር ፋርማሲስቱ መራ፤ አጎቴ ጥላው ይመስል ተከተለው። የመጨረሻውን ጠመዝማዛ እንደወጡ ቀጥታው ላይ አጎቴ ወደ ግራ ወጣ፣ ጎን ለጎን ሆኑ፣ ከዚያ በአንድ መኪና ቁመት አለፈው። እናቴ ራስ መሸፈኛዋን ፈትታ አውለበለበች። አባቴ እንደ ዳኛ ፊቱን አጥቁሮ ለመቆም ሞከረ፤ አልቻለም። ሄዶ ወንድሙን ከነቆቡ አቅፎ ከመሬት አነሳው።

እንደ ደንቡ ሦስቱ አሸናፊዎች እንደገና ተለኩ፤ ሁሉም ከመቶ ሃያ በታች። እንደ ደንቡ የአንደኛው ኮፈን በሽቦና በእርሳስ ማኅተም ታሰረ፤ መኪናው ለሳምንት የአቤቱታ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ይቆያል። የክለቡ ሰብሳቢ ጥርስ ሐኪም ናት። ዋንጫውን ስትሰጠው፣ «አሁንስ አፍህን ክፈት ሳልልህ ተከፈተልኝ» አለችው። አጎቴ ከሳቁ ብዛት አፉን መግጠም አቅቶት ነበር።

የአጎቴ የሥራ መኪናም ጋራዥ ገብታ ስለነበር አራታችንም በምስክሯ ልንመለስ ሆነ። አባቴ ቁልፉን ከእናቴ እጅ ወሰደ።

«ዛሬ እኔ ነኝ የምነዳችሁ።»

«ተው፣ ደክሞሃል፣ እኔ ልንዳ» አለች እናቴ።

«ወንድሜ አንደኛ ወጥቶ እኔ እደክማለሁ?»

«አይ፣ ዳገቱን አትለምደውም ብዬ ነው...»

«ዳቦ ቤቱ ጋ ሦስት ጊዜ ትስላለች፣ ሁለተኛ ይገባላታል። ዘጠኝ ዓመት ስትነግሪኝ በቃሌ ይዤዋለሁ።»

እናቴ ከጎኑ ተቀመጠች። አጎቴና እኔ ከኋላ ነን፤ ዋንጫው ጭኑ ላይ ነው። አባቴ እያፏጨ ዳገቱን ጀመረ። ዳቦ ቤቱ ሲቃረብ ቀኝ እጁን ማርሹ ላይ አሳረፈ፣ ግራ እግሩን ፍሪሲዮኑ ላይ አዘጋጀ፣ ሳሏን ጠበቀ።

ምስክሯ አልሳለችም። አራት ሰው ጭና፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ ዳቦ ቤቱን አለፈች። ዳቦ ጋጋሪውም አልወጣም፤ ምን ሰምቶ ይውጣ?

አባቴ ማፏጨቱን አቆመ።

በራችን ላይ ሲደርስ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም። ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጣት።

«ማን ነካት?»

«እኔ ነኝ ያስነካኋት» አለች እናቴ።

«ማን ነው ያልኩት?»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለ አጎቴ ከኋላ። «ካንዴላ ቀየርኩላት። ካርቡራተሯንም ጠረግሁት። ሳሏን ብቻ...»

«መቼ?»

«ከመለኪያው ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ።»

አባቴ ዞረ። የወንድሙን ፊት አላየም፤ ዋንጫውን ነው ያየው። «መቶ ሃያ አፋፍ ላይ የቆመችው ያንተ መኪና ብቻ ናት» አለ። ሞተሩን አጥፍቶ ገባ።

እናቴ ወደ እኛ ዞረች። «ምን ማለቱ ነው?»

አጎቴ ዓይኑን ከዋንጫው አላነሳም። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ስለዚህ እኔ ነገርኳት። ምስክሯ ጉልበት ስትጨምር አባዬ የዋሸው ሮለሩ መሰለው። ሮለሩን ወደ ታች አዞረው። ከዚያ በኋላ መኪኖች ሁሉ ካላቸው አንሰው ነው የተለኩት። ሌላው ሰው ነዳጁ ነው ብሎ ተወው፤ አጎቴ ግን ጉልበት ጨመረ። የአጎቴ መቶ አሥራ ዘጠኝ እውነተኛ መቶ አሥራ ዘጠኝ አይደለም። አባዬ ደግሞ አሁን፣ አጎቴ ይህን ያደረገው አውቆ ነው ብሎ ያስባል።

«አውቆ?» እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ለእኔ ብሎ የሠራውን?»

አጎቴ ዋንጫውን ወንበሩ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀምጦ ወረደና በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። አሥራ አንድ ዓመት ተሸንፎ ሲመለስ አይቼዋለሁ፤ እንደዚያ ሆኖ ግን አይቼው አላውቅም።

መዝገቡን ይዤ ገባሁ። አባቴ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ እጆቹን አጣጥፎ ተቀምጧል። መዝገቡን ፊቱ ዘረጋሁ።

«አባዬ፣ የመለኪያውን ቀን እየው። ሁሉም በእኩል ነው የወረዱት። ይህን ያን ቀን ማየቴን፣ አለመናገሬንም ልንገርህ። ጥፋቱ የእኔም ነው።»

ጣቱን አምዱ ላይ እያወረደ አነበበ። አላቋረጠኝም።

«አጎቴ ግን አላወቀም። ቢያውቅ ኖሮ ምን ያስጨንቀዋል? ዝም ብሎ ቤቱ ሄዶ የፈለገውን ያህል ጉልበት ይጨምር ነበር። እሱ ነዳጅ ቀየረ፣ ማጣሪያ ቀየረ፣ ማጣሪያውን ታቅፎ እዚህች ጠረጴዛ ላይ አንተን ሊጠይቅ መጣ። ብልጭታውን አስቀድመው ያልከው አንተ ነህ። ሌባ እኮ ቁልፉ የት እንዳለ ዳኛውን አይጠይቅም።»

በሕይወቴ ለአባቴ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም። እሱም የተረዳው ይመስለኛል፤ መዝገቡን ትቶ እኔን ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አለ። «በገዛ አፌ።»

ወጥቶ ደረጃው ላይ ከወንድሙ ጎን ተቀመጠ። መስኮቱ ክፍት ነበርና እናቴና እኔ ሰማን።

«ተጠራጠርኩህ» አለ አባቴ።

«አዎ።»

«ለሩብ ሰዓት።»

«ሃያ ደቂቃ ነው። ለክቼዋለሁ።»

አባቴ ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረበት። አጎቴ በትከሻው ገፋ አደረገው።

«ነገ ልለካ» አለ አጎቴ። «በትክክለኛው ሮለር።»

እናቴ አላስቻላትም፤ በመስኮቱ ብቅ አለች። «እናንተ ሰዎች! ማንም አላወቀ፣ ማንም አቤት አላለ! አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀው ነገር ነው። እዚሁ ተከድኖ ይብሰል።»

«እትዬ» አለ አጎቴ፣ «መደርደሪያው ያውቃል።»

እናቴ መስኮቱን ዘግታ አለቀሰች።

እሁድ ረፋድ ላይ አዳራሹ ውስጥ ስድስት ነበርን፤ እኛ አራታችን፣ ጥርስ ሐኪሟና ፋርማሲስቱ። አባቴ ቆሞ ሁሉንም ነገራቸው፤ የሚስቱን መኪና፣ የወንድሙን ሽቦ፣ የገዛ እጁን። በመጨረሻም፣ «ሮለሩን በመዝገቡ መሠረት ወደ ድሮው ቦታ እመልሰዋለሁ። ግን እውነት መመለሱን የሚያረጋግጥ ድንጋይ የለኝም። ምስክሬ ቃሏን ቀይራለች» አለ።

«ካለፈው ዓመት ወዲህ ሞተሩ ያልተነካ መኪና ያለው ማነው?» አለች ጥርስ ሐኪሟ።

ፋርማሲስቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «የእኔ... ያው ነው። የሚሠራ ነገር አልከፍትም።»

«እውነቱን ነው!» አለ አጎቴ። «እሱ እንኳን ሞተሩን መስኮቱንም አይከፍትም። በበጋ አብሬው ሄጄ ልሞት ነበር።»

«ግን የእሱ መኪና በአንተ ላይ ልትመሰክር ነው እኮ» አለ አባቴ።

«ትመስክር። ከሁላችን የሚታመነው እሱ ነው።»

አባቴ ቁልፏን ወደ ድሮው ምልክት አዞረ። የፋርማሲስቱ መኪና ሮለሩ ላይ ወጣች። ባለፈው ዓመት መቶ አሥራ ስምንት። መርፌዋ ወጥታ ቆመች፤ መቶ አሥራ ስምንት። ሮለሩ ተመልሷል።

አባቴ የአጎቴን ማኅተም በጉጠት ቆረጠው። አጎቴ ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ ነዳጁን ረገጠ። ጩኸቱ ደረታችን ውስጥ ይሰማ ነበር። መርፌዋ መቶን አለፈች፤ መቶ አሥርን አለፈች፤ መቶ ሃያ ላይ ስትደርስ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። መርፌዋ መቶ ሃያን አልፋ ሄደች። የቆመችው መቶ ሃያ አራት ነጥብ ዘጠኝ ላይ ነው።

ሞተሩ ጠፋ። በርሜሎቹ ብቻ ትንሽ ዞረው ቆሙ።

አጎቴ በመስኮቱ ቁጥሩን አየ። እጆቹን መሪው ላይ አድርጎ ለጥቂት ጊዜ ተቀመጠ። ሲወርድ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ቢሆንም ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሚጣ፣ ጻፊው። ጎላ አድርገሽ» አለኝ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ለእሱ እስከ ዛሬ ሚጣ ነኝ። ጎላ አድርጌ ጻፍኩት።

ዋንጫውን ከእናቴ ተቀብሎ ለፋርማሲስቱ ዘረጋለት። ፋርማሲስቱ እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

«የቀደምከኝ አንተ ነህ።»

«የቀደሙህ አምስቱ ትርፍ ፈረሶች ናቸው። እኔ ከኋላቸው እየተጎተትኩ ነው የመጣሁት።»

«ቀጥታው ላይ ስታልፈኝ...» ፋርማሲስቱ ፈገግ አለ። «ትንሽ ገርሞኝ ነበር።»

«ታዲያ አቤት አትልም?»

«ደስ ስላለህ ደስ ብሎኝ።»

ጥርስ ሐኪሟ የደንቡን ወረቀት አጠፈች። «በሕጉ ከውድድሩ ውጪ ነህ። ሁለተኛም አልወጣህም።»

«ይኸው! ስሜንም ወሰዳችሁት!» አለ አጎቴ። ያኔ ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ከሁላችን በላይ።

አባቴ አልሳቀም። የሰሌዳውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ለሰብሳቢዋ ዘረጋ። «ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ለኪ ፈልጉ።»

«ያልታመመ ጥርስ የነቀለ ሐኪም አውቃለሁ» አለች እሷ። «በማግስቱ በሽተኛው ቤት ሄዶ፣ ተሳስቼ ነው አለው። እናቴን የምልካት እሱ ጋ ነው። ቁልፍህን ኪስህ ክተት።»

ቁልፉን ወደ ኪሱ አልመለሰውም፤ ለእሷም አልሰጣትም። እጁ ላይ እንደያዘው ቀረ። «ድንጋይስ?» አለ። «የሰው መኪና ድንጋይ እንደማይሆን አየሁ።»

ያን ጊዜ እናቴ ወደ ጥግ ሄዳ የእንጨት ሳጥኑን በእግሯ ነካ አደረገች። አባቴ የትም ሲሄድ ይዞት ነው የሚሄደው፤ እሁድም ቢሆን።

«እነዚህ ምንድን ናቸው? ለስኳርና ለምስር ብቻ ነው የተፈጠሩት?»

አባቴ ሳጥኑን አየ፤ ሮለሩን አየ፤ እንደገና ሳጥኑን። «ከጎኑ ክንድ ቢበጅለት...» አለ ለራሱ። «ርዝመቱ የታወቀ የብረት ክንድ። ጫፉ ላይ ድንጋዩ ቢንጠለጠል፣ መርፌዋ ስንት ማለት እንዳለባት በሒሳብ ይታወቃል።»

«እኔ እበይደዋለሁ» አለ አጎቴ ወዲያው።

«ቆይ» አለች እናቴ። «ድንጋዩ ሳጥንህ ውስጥ ቁጭ ብሎ ዘጠኝ ዓመት እኔን ዳገት ለዳገት ስታስስለኝ ኖርክ ማለት ነው?»

አባቴ፣ ዘጠኝ ዓመት ድንጋይ አይዋሽም ሲል የኖረ ሰው፣ ድንጋዩን እጁ ላይ ይዞ ሌላ ድንጋይ ሲፈልግ ነበር። ፋርማሲስቱ ለመሳቅ አፍሮ ወደ ውጭ ወጣ።

ከመሄዳችን በፊት አጎቴ ጎንበስ ብሎ የተቆረጠውን የእርሳስ ማኅተም ከወለሉ አንስቶ ኪሱ ሲከት አየሁት። በኋላ ቤቱ ስሄድ መደርደሪያው ላይ አገኘሁት፤ ባዶው ቦታ ላይ ሳይሆን ከባዶው ቦታ አጠገብ።

እኔም መዝገቡን ከመዝጋቴ በፊት አባቴ የነገረኝን ጻፍኩ፤ «ምስክሯ ከዛሬ ጀምሮ ከምስክርነት ተሰናብታለች።»

የተመለስነው አራታችንም በእሷ ነው። የምትነዳው እናቴ ናት፣ አባቴ ከጎኗ። ከኋላ አጎቴ ትናንት ዋንጫው በነበረበት ጭኑ ላይ የድንጋዮቹን ሳጥን ይዟል፤ ለብየዳው ልኬት ሊወስድ።

«ይህ ከዋንጫው ይከብዳል» አለኝ በሹክሹክታ።

ዳገቱ ተጀመረ። ዳቦ ቤቱ ሲቃረብ የአባቴ እጅ ሳያስበው ወደ ማርሹ ሄደች።

«ተዋት» አለች እናቴ፣ እጁን መታ አድርጋ። «ራሷ ትወጣለች።»